ኮክ ለቀማ የሄድን ቅዳሜ

ሰው አፉን ከፍቶ ሲያላምጥ ካየሁ ከገበታ እነሳለሁ። ፀጉር የተገኘበት ወጥ ድስቱን ሙሉ ይደፋል። እንግዳ የጠጣበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ሳላጥብ ቦታው አልመልስም። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ይቺ ልጅ ማንን አግብታ ልትኖር ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ራሄል እባላለሁ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ካቻምና በነሐሴ ነው፤ አስቀድሜ የምነግራችሁ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደማትወዱኝ ነው። እኔም ያን ቀን ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል።

የሚገርመው ሥራዬ ነው። የምንኖርበት ከተማ ጋርላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ገላ ሳጥብ፣ ዳይፐር ስቀይር፣ ትውከት ስጠርግ እውላለሁ። እዚያ ግን ጓንት አደርጋለሁ፤ ሺፍቴ ሲያልቅ አውልቄ እጥለዋለሁ፣ በቃ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ንጹሕ ቤት እፈልጋለሁ። ማለቴ፣ ራሴን የማሳምነው እንደዚያ እያልኩ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ የባለቤቴ የዳዊት እናት ናቸው። ከደሴ እኛ ጋ የመጡት በዚያው ዓመት በጥር ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ሲበሉ አፋቸው ይንጫጫል። ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ይጎረጉሩና የወጣውን አይተው መልሰው ይበሉታል። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና፣ በዚያችው ጫፍ የልጄን የሄራንን አፍ ያብሳሉ። እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ ባኞ ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ።

በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ሰማያዊ የብረት ኩባያ ገዛሁላቸው። ያምራል። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም» አልኳቸው። ቁመው መረቁኝ። ኩባያውን የማጥብበት ስፖንጅ ለብቻው ነበር፤ የማስቀምጥበት መደርደሪያም ለብቻው። ዳዊት «ሚስቴ እናቴን እንዴት እንደምታከብራት!» እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። እኔ ፈገግ እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

ሰባት ወር ቻልኩ። ነሐሴ ሲገባ ግን መረረኝ። የዳዊት ታላቅ ወንድም ተስፋዬ ዴንቨር ይኖራል፤ ሰፊ ቤት አለው። «እማማ እዚያ ይሂዱ» አልኩት ዳዊትን። ዳዊት አቅራቢያችን ባለችው ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሹትል ነው የሚነዳው፤ ዝምተኛ ሰው ነው። «እኔ እናቴን ከቤቴ ውጪ አልላትም። አንቺ አማክሪያት። እሷ ራሷ በደስታ እሺ ካለች አልከለክልም» አለኝ።

በደስታ እሺ እንዲሉ ደግሞ የሚደሰቱበት ቀን ያስፈልግ ነበር። ደሴ ጓሯቸው ውስጥ የኮክ ዛፍ እንደነበራቸው ሁልጊዜ ያወራሉ። ከቤታችን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተነድቶ፣ ሰው ራሱ ቀጥፎ፣ አስመዝኖ የሚገዛበት የኮክ እርሻ እንዳለ ሰማሁ። የዓመቱ የመጨረሻ ለቀማ ነው ተባለ። «ቅዳሜ ኮክ ለቀማ እንሄዳለን» ስላቸው ጥርሳቸው አልተከደነም። እቅዴ ቀላል ነበር፤ ደስ ብሏቸው ዛፍ ጥላ ስር ሲቀመጡ ዴንቨርን አነሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይና ዳቦ ሰጠኋቸው። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ግን ቅዳሜና እሁድ እንደ ሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል ከውሃ አይጾምም፤ የሚቀረው ሥጋና ወተት ብቻ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ሻያቸውን በኩባያቸው ጠጡ፣ ዳቦአቸውን እየነከሩ በሉ፣ እኔም ኩባያውን በስፖንጁ አጥቤ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ዳዊት ያን ጊዜ ወጥቶ መኪናው ላይ ዕቃ ይጭን ነበር።

እርሻው ጋ ስንደርስ ሙቀቱ ገና በረፋዱ ከመቶ ዲግሪ ፋራናይት አልፏል። ዳዊት ፓርክ አደረገ፣ በሩን ስንከፍት የመጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰኝ። የመጨረሻው ለቀማ ስለሆነ ዛፍ ላይ ካለው ይልቅ መሬት ላይ የወደቀው ይበልጣል። የበሰበሰው ኮክ ጫማ ስር እየተጨመቀ ይፈሳል። እንደ ኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። ዝንቡና ተርቡ በላዩ ላይ ይርመሰመሳል። ከፊታችን የነበሩ ሰዎች አንድ ጊዜ ይገምጡና ይወረውራሉ፤ አንዷ ሴትዮ የገመጠችውን ቅርንጫፍ መሀል መልሳ ስትሰካው በዓይኔ አየሁ። እማማ ጥሩወርቅ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ዛፎቹን እያዩ፣ «ተመስገን፣ ይሄን አሳየኸኝ» ይላሉ።

ዕቃ ስናወርድ ነው ኩባያው አለመምጣቱን ያየሁት። ለእኔ፣ ለዳዊትና ለሄራን ስማችን የተጻፈበት የውሃ ጠርሙስ ይዘናል። በረዶ መያዣው ኩለር ውስጥ በረዶና መሙያ ውሃ አለ። የእሳቸው ብቻ ቤት ቀርቷል። ዳዊት ጠርሙሱን ከፍቶ፣ «እማዬ፣ እንኪ ጠጪ፣ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው» አላቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ያን የዳዊትን ጠርሙስ አንዳንዴ እኔም እንደምጠጣበት እያሰብኩ ነበር፤ ፊቴ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና፣ «ይቅርብኝ ልጄ፣ አልጠማኝም» አሉ።

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ ብዬ ስለጀመርኩ ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ እፎይ ነው ያልኩት። መግቢያው ጋ ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጥ ነበር፣ ሄጄ አንድ መግዛት እችል ነበር። ስመለስ እገዛላቸዋለሁ ብዬ ባልዲዬን አንስቼ ወደ ዛፎቹ ገባሁ።

እሳቸው እጃቸው ፈጣን ነው። የበሰለውን ሳይጨምቁ፣ በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አድርገው ብቻ ያውቁታል፤ ጠምዘዝ አድርገው ከነቅጠሉ ያወርዱታል። «አትጎትቺው፣ ቅርንጫፉ ያለቅሳል» ይሏታል ሄራንን። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዳዊት ሁለት ጊዜ ውሃ ይዞ መጣ፤ ሁለት ጊዜም «አልጠማኝም» አሉት። ሁለት ባልዲ ሲሞላ ሊያስመዝን ወደ መግቢያው ይዞ ሄደ። ጊዜው ደረሰ፣ ዴንቨርን አሁን አነሳለሁ ብዬ ጠጋ አልኩ።

ልክ ያን ጊዜ እማማ ጥሩወርቅ አንድ ቀይ ኮክ ቀጠፉ። በነጠላቸው ጫፍ፣ በዚያችው ጫፍ፣ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ገመጡት። ጭማቂው አገጫቸው ላይ ወረደ። ዓይናቸው በራ፤ «ውይ! የጓሮዬ ነው! የደሴው ነው እኮ!» አሉና የገመጡትን ወደ ሄራን አፍ ዘረጉ። «እንኪ የኔ እናት፣ በዚህ በኩል ግመጪ።»

ሄራን አፏን ከፈተች። እኔ ከእጃቸው ነጥቄ ወረወርኩት። በጣም ነው የወረወርኩት፤ ግንድ ላይ ፈረጠ። አጠገባችን ይለቅሙ የነበሩ ባልና ሚስት ዞረው አዩን።

«ማሚ! ዋይ?» አለች ሄራን።

«ትል አለው» አልኩ። ትል የለውም። እሳቸውም እንደሌለው አይተዋል።

እማማ ጥሩወርቅ አገጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አዎ፣ ትል አለው» አሉ ለሄራን፣ «እናትሽ ልክ ናት።» ከዚያ ባልዲያቸውን አንስተው፣ ሳያዩን፣ በረድፉ ወደ ታች ሄዱ። ልከተላቸው ፈለግሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይብረድልኝ ብዬ ልጄን ይዤ ጥላ ስር ተቀመጥኩ። እጄን በሳኒታይዘር አሸሁ። በረዶ ያለበት ውሃዬን ጠጣሁ። ዴንቨርን አሁን ማንሳት እንደማይቻል እያሰብኩ በራሴ ላይ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ግን እቅዴ ስለተበላሸ ነበር።

ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ምናልባትም ይበልጣል። ዳዊት ሰልፉ ረጅም ነው ብሎ ቴክስት አደረገ። ሄራን ሰልችቷት አያቷን ፍለጋ ሄደች። ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። ልጄ አማርኛዋ እንዲህ ነው፣ «ማሚ፣ አያቴ መሬት ላይ ተኝቷል» አለችኝ።

ሮጥኩ። የመጨረሻው ዛፍ ስር፣ የበሰበሰው ኮክ መሀል በጎናቸው ወድቀዋል። ባልዲያቸው ተደፍቷል። ነጠላቸው ላይ ተርብ ይሄዳል፣ ከንፈራቸው ላይ ዝንብ አርፏል። ግንባራቸውን ነካሁት፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው አወቅሁት፤ ሙቀቱ ነው የመታቸው። በዚህ ዕድሜ ይገድላል።

«እማማ! እማማ ይስሙኝ!»

ዓይናቸውን ከፈት አደረጉ። ያዩት ግን እኔን አይመስለኝም። ከዚያ ሆዳቸው ተነሳና አስመለሱ፤ ስጠራቸው በጀርባቸው ተገልብጠው ስለነበር ትውከቱ ጉሮሯቸው ውስጥ ተመለሰ። ታነቁ። ፊታቸው ጠቆረ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጓንት ፈለግሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጓንት ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። ሴትዮዋ ፊቴ እየታፈኑ ነው፣ እኔ ከኪስ ኪስ እጎረጉራለሁ፤ የከንፈር ቻፕስቲክ አወጣሁ፣ ቁልፍ አወጣሁ፣ ናፕኪን አወጣሁ።

«ማሚ» አለች ሄራን እያለቀሰች፣ «ምንድነው የምትፈልጊው?»

ቦርሳውን ጣልኩት። በጎናቸው ገልብጬ ባዶ እጄን አፋቸው ውስጥ ከተትኩ። ጣቴ የነካውን አልጽፍላችሁም፤ የጠዋቱ ዳቦም ነበረበት። አወጣሁ፣ እንደገና ከተትኩ፣ እንደገና አወጣሁ። ሲተነፍሱ ሰማሁ። ሄራንን «ኩለሩን አምጪ!» ብዬ ሰደድኳት፤ አምቡላንስ ለመጥራት 911 ኮል አደረግሁና ስልኩን ሳር ላይ አስቀምጬ እያወራሁ ቀሚሳቸውን ፈታሁ። ኩለሩ ሲመጣ በረዶውን አንገታቸውና ብብታቸው ውስጥ አደረግሁ፣ ውሃውን ሁሉ ላያቸው ላይ ደፋሁት።

ቅዝቃዜው ሲነካቸው መናገር ጀመሩ። ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም፤ ዓይናቸው የዛፉ ጫፍ ላይ ነው። ድምፃቸው ግን ቁጭ ብለው እንደሚያወሩት ያለ ነበር።

«ኩባያዬ ቤት ቀረ» አሉ። «መደርደሪያው ላይ ነው። የዳዊትን ብነካበት ትጥለዋለች። ዕቃው ይባክናል። ምስኪን፣ እሷም አትችልም እኮ፣ ትጠየፋለች። እቤት ስንገባ እጠጣለሁ።»

ጉልበቴ በበሰበሰው ኮክ ውስጥ ነው። እጄ እስከ አንጓዬ ድረስ ትውከት ነው። በሕይወቴ የተጠየፍኩትን ሁሉ ብትደምሩት፣ ያን ደቂቃ በራሴ ላይ የተሰማኝን አያክልም። ለሰባት ወር ያውቁ ነበር። የመረቁኝም እያወቁ ነው። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው ሞኝ ሆነው ኖረዋል።

አምቡላንሱ መጣ። ዳዊት ከወዲያ እየሮጠ ሲመጣ የያዘው ኮክ ሁሉ መንገዱ ላይ ተበተነ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «ሙቀቱ ነው» አልኩት።

ሆስፒታል አራት ቀን ተኙ። ኩላሊታቸው ተነክቶ ነበር፤ ዳነላቸው። በሦስተኛው ቀን ልባቸው በደንብ ሲመለስ ዳዊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሌሊት አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ሰጥቼሽ ሦስት ጊዜ አልጠማኝም አልሽኝ። ለምንድነው የዋሸሽኝ?»

እኔ ግርጌ ቆሜያለሁ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ይናገሩ ብዬም ጸለይኩ፤ አይ፣ ውሸቴን ነው፣ እንዳይናገሩ ነው የጸለይኩት። እማማ ጥሩወርቅ ወደ እኔ አላዩም። አንሶላውን እያስተካከሉ፣ «ጾም ላይ ነበርኩ ልጄ። ፍልሰታ አይደለም?» አሉ።

ዳዊት ጾምን የሚያውቀው ምግብ ቤት ገብቶ በያይነቱ ሲያዝ ብቻ ነው። ቅዳሜ እንዲህ እንደማይጾም አያውቅም። ጠዋት ሻይ መጠጣታቸውንም አላየም። ጮኸባቸው። በሕይወቱ እናቱ ላይ ጮሆ አያውቅም። «እግዚአብሔር በመቶ ዲግሪ ሙቀት ሙቺ ብሎሻል? ልጄ ፊት? ትንሽ አታስቢም?» አላቸው። እሳቸው እንደ ትንሽ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ይቅርታ ጠየቁ። በጾም ወቅት ዋሹ፤ ለእኔ ብለው። እኔ እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። ነርሷ ገብታ ደም ግፊታቸውን ስትለካ ትራሱን እንኳ አስተካከልኩላቸው፤ ደግ ምራት መስዬ።

ቤት በገቡ በሳምንቱ፣ እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ «ዴንቨር ተስፋዬ ጋ ልሂድ። እዚያ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል አሉ» አሉ። ዳዊት ቅር አለው፤ ግን ሙቀቱን ፈርቶ እሺ አለ። የፈለግሁትን አገኘሁ። ኤርፖርት ውስጥ የተሰጣቸውን ተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ፣ ዳዊት ሻንጣ ሊያስገባ ሲሄድ፣ ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እጄን መታ መታ አደረጉት። «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ምን አለኝ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው የባሰብኝ። ዳዊት ታሪኩን በየሰው ቤት ማውራት ጀመረ። «እናቴ በጾም ልትሞት ነበር!» ይላል፤ ሰው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «እንዲህ ያሉ እናቶች ናቸው ሀገሩን ያቆዩት» ይላል። እኔ ምግብ አቀርባለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ውሸት ነው፣ የእኔ ዝምታ እስከ ትሉ ነቅዟል። ሰው ቤት የጎረስኩት አልወርድ እያለኝ ክብደቴ ቀነሰ። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት ውሃ ስሰጣት «አመሰግናለሁ የኔ መልአክ» ስትለኝ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ።

አምና ፍልሰታ ሲገባ ዳዊት ዴንቨር ደወለ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። «እማዬ፣ ዘንድሮም እንዳትሞኚ። ውሃሽን ጠጪ። ያቺ የጅል ሥራሽ እንዳትደገም» እያለ ይቆጣል። ከወዲያ እሳቸው፣ «እሺ ልጄ። እሺ። ራሄል ደህና ናት?» አሉ።

አላስቻለኝም። የማጥፈውን ልብስ ትቼ መጣሁና፣ «እማማ፣ እውነቱን ልነግረው ነው» አልኩ።

«ተይ ልጄ» አሉ፣ «ቤትሽን አታፍርሺ።»

ዳዊት ተነስቶ ተቀመጠ። «ምንድነው እውነቱ?» አለ።

ነገርኩት። ኩባያውን፣ ስፖንጁን፣ ቅዳሜ እንደማይጾም፣ የጠዋቱን ሻይ፣ የወረወርኩትን ኮክ፣ ጓንት የፈለግሁበትን ጊዜ ሁሉ ነገርኩት። ስልኩ ክፍት ነው፤ እሳቸውም ይሰማሉ። ስጨርስ ዳዊት እኔን አላየኝም። ስልኩን አንስቶ፣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስሰድብሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ብነግርህ ማንን ታባርር ነበር?» አሉት። «ሄራን እናት ያስፈልጋታል። እኔ አርጅቻለሁ።»

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ምክር የለኝም። አማታችሁን ውደዱ ብዬ ልሰብካችሁ አፌ አይደፍርም። ተጠያፊነት ንጽሕና እየመሰላት የምትኖር እንደ እኔ ያለች ሴት ካለች ግን ይህን ብቻ ልንገራት፤ ሰውዬው ያውቃል። የምትደብቂው መስሎሽ ለብቻው የምታስቀምጪውን ሁሉ ያያል። አይቶ ዝም ካለሽ ደግሞ፣ ወይ ይወድሻል ወይ መሄጃ የለውም፤ ሁለቱም ያሳፍራል።

ዳዊት አላባረረኝም። አልሰደበኝም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገብኝም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ከልጁ ጋር ይጫወታል። በዓመቱ ሁለት ጊዜ ዴንቨር ሄዶ እናቱን አይቷል፤ እኔን ነይ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ባለፈው ሳምንት ራት ላይ፣ ሳላስበው፣ እንደ ድሮው ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፉ ዘረጋሁ። ዳዊት እጄን አየው። ቀስ ብሎ፣ ሄራን እንዳታይ አድርጎ፣ ፊቱን ዞር አደረገና «ጠግቤያለሁ» አለኝ። ሳህኑ ገና ሙሉ ነበር።